ከተጣሉ ዕቃዎች ጌጣጌጥ ሲያሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሐረር ከተማ የሥነ ጥበብ መምህር ሆኜ ተማሪዎችን ከቆርኪ፣ ከወረቀት፣ ከሽቦና ከሃይላንድ ጠርሙስ የአንገት ሐብል፣ አምባርና ጉትቻ ሳሠራ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጌጥ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ሥዕል የሚለየው በሰው ገላ ላይ የሚውል በመሆኑ ነው። በየዓመቱ ሲደጋገሙ የማያቸው ስህተቶች አብዛኛዎቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው፤ አንዱ ግን ከዚህም የከፋ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

እርሱም መዳብ ለማግኘት የኤሌክትሪክ ገመድ ማቃጠል ነው። ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ተማሪዎቼን «ለሚቀጥለው ሳምንት የመዳብ ሽቦ ይዛችሁ ኑ» ብዬ፣ ከየትና እንዴት እንደሚያገኙት ሳልነግራቸው አሰናበትኳቸው። በሳምንቱ አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ጣቶቹ በጥቀርሻ ጠቁረው፣ እያሳለ፣ በፌስታል የቋጠረውን ሽቦ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። ከቤታቸው ጓሮ ያረጀ ገመድ አቃጥሎ ነበር፤ ታናሽ እህቱም እሳቱን ስታራግብለት እንደነበረ በኩራት ነገረኝ። ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን የእኔ ነበር። የገመዱ ልባስ በአብዛኛው ፒቪሲ የሚባል፣ ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ነው፤ ሲቃጠል ዓይንንና የመተንፈሻ አካልን የሚያቃጥለውን የሃይድሮጂን ክሎራይድ ጋዝ፣ እንዲሁም ዳዮክሲን የተባሉ እጅግ መርዛማ ውሁዶችን ይለቃል። በቆዩ ገመዶች ልባስ ውስጥ ደግሞ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ስለሚችል አመዱም ለልጅ እጅ አደገኛ ነው። ያ ሁሉ ጉዳት ደርሶ የሚገኘው መዳብ እንኳ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። «ትንሽ ብቻ ናት፤ ደግሞም ሜዳ ላይ ነው የምናቃጥለው» የሚሉኝ ባልደረቦች ዛሬም አሉ። ሜዳ ላይ መሆኑ በእሳቱ ላይ አጎንብሶ የሚተነፍሰውን ልጅ አያድነውም፤ እባካችሁ ይህን አታድርጉ፣ ተማሪ እቤቱ አድርጎት ሲመጣም ሽቦውን ተቀብላችሁ አታመስግኑት።

ያለ እሳት ማውጣት ደግሞ አስቸጋሪ አይደለም። ነጠላ ሽቦ ያለውን ገመድ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እየቆረጡ፣ መምህሩ ራሱ ልባሱን በርዝመቱ በምላጭ ከሰነጠቀው በኋላ ተማሪው በፒንሳ ሊስበው ይችላል። የተቃጠለ ሞተር የሚጠመጥሙ ባለሙያዎችም ከአሮጌው ሞተር ያወጡትን ቀጭን ሽቦ ቢጠየቁ አይነፍጉም። ቀያይና ሰማያዊ ልባስ ያለው ቀጭን ገመድ ከተገኘ ግን ምኑም ሳይላጥ እንዳለ መጠምዘዝ ይሻላል፤ ቀለሙ ራሱ ጌጥ ነው።

ሁለተኛው ስህተት «ሁሉም ነገር ከተጣለ ዕቃ ይሁን» ብሎ በጉትቻ ማንጠልጠያ ላይ ጭምር መጽናት ነው። ይህንም እኔው ፈጽሜዋለሁ። ለፌሮ ማሰሪያ የሚያገለግለውን ጥቁር ሽቦ ቆርጠን ማንጠልጠያ አደረግነው፤ በሦስተኛው ቀን አንዲት ተማሪ የጆሮዋ ቀዳዳ ቀልቶና አብጦ መጣች። ጥቁር ሽቦ በላብ ይዝጋል፣ በመቁረጫ የተቆረጠው ጫፉም እንደ መርፌ ይወጋል፤ ምንነቱ ያልታወቀ የሚያብረቀርቅ ሽቦ ደግሞ ኒኬል ካለበት ብዙ ሰዎችን ያሳክካል። ከዚያ ወዲህ የጉትቻ ማንጠልጠያ አዲስ እገዛለሁ፤ እርሱም የማይዝግ ብረት ወይም ብር ይሆናል። ማንጠልጠያ መግዛት ካልተቻለ ጉትቻውን ትተው አምባር ያሠሩ።

«ከቆሻሻ የተሠራ ስለሆነ ሻካራ ቢሆን ምን አለበት» የሚለው አስተሳሰብ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ያገለገለን ነገር ጌጥ ማድረግ በአገራችን አዲስ አይደለም። አንጥረኞቻችን 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን፣ 28 ግራም ያህል የሚመዝነውንና ከመቶ 83 እጅ ገደማው ንጹሕ ብር የሆነውን የማሪያ ትሬዛ ብር እያቀለጡ አምባርና ሐብል ሠርተውበታል። እነዚያ ጌጦች ከገንዘብ መምጣታቸው አይታወቅባቸውም፤ ጠርዛቸው ለስልሶ ተሞርዶ ነውና። ተማሪ ቆርኪን በምስማር ሲበሳ ምስማሩ በገባበት ተቃራኒ በኩል ስለታም ከንፈር ይፈጠራል፤ ከፊት ወደ ኋላ ከተበሳ ያ ከንፈር የሚያርፈው በአንገት ላይ ነው። ቀዳዳውን በሞረድ ማለስለስ የሁለት ደቂቃ ሥራ ሆኖ ሳለ በብዛት የሚዘለለው እርሱ ነው። ቆርኪውን ጠፍጣፋ ለማድረግ የሚፈልግ ደግሞ 21ዱን ጥርሶች በአንድ ምት ሊያስተኛ አይሞክር፤ በእንጨት ላይ አስቀምጦ ዙሪያውን በቀስታ ይቀጥቅጠው። እኔ ጀርባውን በጨርቅ ማልበስን እመርጣለሁ፤ ጨርቁንም በጀጎል ውስጥ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ከሚገኙት ልብስ ሰፊዎች ደጃፍ፣ ከወዳደቀው ቁራጭ አስፈቅደን እንለቅማለን። እዚያ የሚገኘው የቀለም ብዛት ከየትኛውም ሱቅ አይገኝም።

ቆርኪን ሳያጥቡ መጀመር ጉንዳን መጋበዝ ነው፤ በሙቅ ውኃና በኦሞ ዘፍዝፈው ያሳድሩት።

የወረቀት ዶቃን በተመለከተ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በኮላው ነው። ሥሩ 2፣ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነውን ባለሦስት ማዕዘን ወረቀት በስቴኪኒ ላይ ሲጠቀልሉ ከመጀመሪያው ጫፍ ጀምረው ኮላ ይቀባሉ፤ ዶቃውም ከስቴኪኒው ጋር ይጣበቃል። የመጀመሪያው ዙር ሳይቀባ ይጠቅለል፣ ኮላው ከዚያ በኋላ ይጀምር። ከዚህ የባሰው ግን ሥራውን በአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለመጨረስ መሞከር ነው፤ ውስጡ ያልደረቀ ዶቃ ላይ ቫርኒሽ ሲቀባ እርጥበቱ ታፍኖ ይቀራል፣ ቆይቶም ዶቃው ይላላል። በአንዱ ሳምንት መጠቅለል፣ በሁለተኛው ቫርኒሹን እየደረቀ ሁለት ሦስት ጊዜ መቀባት፣ በሦስተኛው መሰካት ይሻላል። መሰካቱም በናይለን ክር ይሁን፤ ጥጥ በላብ ይበሰብሳል።

ሃይላንድን በሻማ ማለስለስ የሚያምር ውጤት አለው፣ ሆኖም ልጆች ፕላስቲኩን ነበልባሉ ውስጥ ያስገቡታል። ይህ ፕላስቲክ ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ላይ መለስለስ ስለሚጀምር ከነበልባሉ ከፍ ብሎ በፒንሳ መያዝ ይበቃዋል፤ ከጨሰ ወይም ከጠቆረ በጣም ቀርቧል ማለት ነው። መስኮት ተከፍቶ፣ መምህሩ አጠገብ ቆሞ፣ አንድ ተማሪ በአንድ ጊዜ ይሥራ። የጠርሙሱ ክዳን ግን የተሠራው ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ ነው፤ ሲነድ እየተንጠባጠበ እጅ ያቃጥላልና ከሻማ አይቅረብ።

ከጤና ተቋም የሚወጣ ማንኛውም ነገር፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ባለቀለም ክዳንም ቢሆን፣ ወደ ክፍል አይግባ። የተሰነጠቀ ባትሪ ድንጋይም እንዲሁ።

ተማሪ ሁሉ 20 ቆርኪ እንዲያመጣ ማዘዝ ቅን ይመስላል፤ ነገር ግን ቆርኪ ያላገኘ ልጅ ወላጁን ለስላሳ ሲያስገዛ አይቻለሁ። ሊጣል የነበረን ነገር ለማዳን ተነሥተን አዲስ ዕቃ እንዲገዛ ማድረጋችን ነው፣ ለድሃ ቤተሰብም ሸክም ነው። ቆርኪውን መምህሩ አስቀድሞ ከለስላሳ ቤቶች ይሰብስብ፣ ሌላውን ከቆራሌው ይጠይቅ።

ለታናናሾቹ ክፍሎች በማይበጠስ ክር የተቋጠረ የአንገት ሐብል አያሠሩ፤ ሲጎተት የሚለቅ ማያያዣ ይኑረው።

በመጨረሻም ጌጡን ጠረጴዛ ላይ እንደተዘረጋ አይቶ ማርክ መስጠት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። እኔ ማርክ ከመስጠቴ በፊት እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን አድርጎት እንዲውል አደርጋለሁ፤ ደብተር ሲያወጣ፣ ሲሮጥ፣ ሲታጠብ። ማታ ላይ የላላው ቋጠሮ፣ የተንሸራተተው ዶቃና የቧጨረው ጠርዝ ይታወቃል፤ የሚቀጥለውም ክፍለ ጊዜ እርሱን በመጠገን ይጀመራል።