ዛፍ የሞላበት የገጠር ጎልፍ ሜዳ ሄዶ እንዴት መጫወት ይቻላል

ፓርክላንድ የሚባሉት ጎልፍ ሜዳዎች ከባህር ራቅ ብለው ዛፍና ለምለም ሳር መሀል የሚሰሩት ናቸው፣ ሊንክስ ከሚባሉት ገላጣና ነፋሻማ የባህር ጠረፍ ሜዳዎች በጣም ይለያሉ። እኔ የምወዳቸው ለዛፎቹ ስል ነው፣ ጀማሪን የሚያስቸግሩትም እነዛው ዛፎች ናቸው።

መጀመሪያ ደውሉ። የአባላት ውድድር ባለበት ቀን እንግዳ የማያስገባ ክለብ አለ፣ ስለዚህ ቲ ታይም ማለትም የምትጀምሩበትን ሰዓት አስይዙ፣ በዛው ሃንዲካፕ (የተጫዋቹን ችሎታ የሚያሳይ ቁጥር) ይጠይቁ እንደሆነ ዱላ ያከራዩ እንደሆነ አለባበሱስ ምን እንደሆነ ጠይቁ፤ ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ብዙ ቦታ ያስኬዳል፣ ጂንስ ግን ተዉት።

18 ሆል፣ ማለትም 18ቱንም ጉድጓድ መጫወት፣ 4 ሰዓትና ከዛም በላይ ይፈጃል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ 9ኙ ይበቃል ባይ ነኝ። ጠዋት መሄድ ደስ ይላል፣ ጤዛው ግን ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት በጣም አጭር ሳር) ላይ ኳሷን ያዝ ስለሚያደርጋት ትንሽ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ደርሳችሁ መለማመጃው ግሪን ላይ ብትሞክሩ ፍጥነቱ ይገባችኋል። ስትጀምሩ ደግሞ ከፊተኛው ቲ (ለጉድጓዱ ቀረብ ያለው መነሻ ቦታ) ጀምሩ፣ ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። እስከ 14 ዱላ መያዝ ይፈቀዳል፣ ለጀማሪ 7 በቂ ነው።

አሁን ወደ ዛፎቹ። ኳሷ ወደ ጫካው ከሄደች ወደ ፊት ከመሄዳችሁ በፊት "ፕሮቪዥናል ነው" ብላችሁ የመጀመሪያዋ ብትጠፋ የምትተካ ሌላ ኳስ ምቱ፣ ምክንያቱም ለፍለጋ ያላችሁ 3 ደቂቃ ብቻ ነው፣ ካልተገኘች 1 ምት ተቀጥታችሁ ወደመታችሁበት ልትመለሱ ነው። ካገኛችኋት ደግሞ በሁለት ግንድ መሀል በምትታይ ክፍተት ግሪኑን ለማግኘት አትሞክሩ፣ እመኑኝ ስኮር የሚያበላሸው እሱ ነው። 6 ወይም 7 አይረን (ቁጥር ያለው የብረት ዱላ) ያዙ፣ ኳሷን ወደ ኋለኛው እግራችሁ ጠጋ አድርጋችሁ ቁሙ፣ ዱላውን እስከ ወገብ ብቻ አንስታችሁ ቅርንጫፉ ስር ዝቅ ብላ በጎን ወደ ፌርዌይ (ሳሩ አጠር ተደርጎ ወደታጨደው የመጫወቻ መስመር) እንድትወጣ አድርጉ፣ በቃ። ዙሪያዋ ያለውን ደረቅ ቅጠል ማንሳት ይቻላል፣ ስታነሱ ኳሷ ከተንቀሳቀሰች ግን 1 ምት ቅጣት አለው፣ ወደ ቦታዋም ትመለሳለች። ወደ ሰው ከሄደችባችሁ ሳታፍሩ "ፎር!" (ተጠንቀቁ ለማለት ነው) ብላችሁ ጩኹ።

ሌላው በጣም የማስብለት ነገር ግሪኑ ነው። ኳስ ከላይ ስትወድቅ ትንሽ ጉድጓድ ትሰራለች፣ ብዙ ሰው በሹካዋ (በግሪን መጠገኛዋ) ከስር ፈንቅሎ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ እሱ እኮ ስሩን ይበጥሰዋል። ሹካዋን ጠርዙ ላይ ሰክታችሁ ሳሩን ከዙሪያው ወደ መሀል ግፉት፣ ከዛ በፓተሩ (ግሪን ላይ ኳስ በምትመቱበት ዱላ) ታች መታ መታ አድርጋችሁ አስተካክሉት። ባንከር (አሸዋ የሞላበት ጉድጓድ) ከገባችሁም የረገጣችሁትን አሸዋ በመቧጠጫው አስተካክላችሁ ውጡ፣ ካርቱን (የጎልፍ መኪናውን) ደግሞ ወደ ግሪን አታስጠጉት።

ነጎድጓድ ከሰማችሁ ጨዋታውን ወዲያው አቁሙ፣ ዛፍ ስር አትጠለሉ፣ ዱላዎቹን እዛው ትታችሁም ቢሆን ወደ ክለቡ ህንፃ ግቡ።