ቆለጥህን በራስህ እጅ እንዴት ትፈትሻለህ?

ወንድሜ፣ የቆለጥ ካንሰር እርጅናን አይጠብቅም። በብዛት የሚይዘው ከ15 እስከ 35 ዓመት ያሉ ወጣቶችን ነው። አብዛኛው የሚነሳው ዘር ከሚያመርቱት ህዋሶች ነው።

ፍተሻው ቀላል ነው። በሞቀ ውሃ ከታጠብክ በኋላ ቆዳው ላላ ሲል ቁም፣ አንዱን ቆለጥ ያዝና በአውራ ጣትህና በሌሎቹ ጣቶች መሀል ቀስ እያልክ አንከባልለው፣ ከዚያ ሌላውን። ከኋላ በኩል ለስለስ ያለ ቱቦ ነገር ይዳሰስሃል፣ እሱ የዘር ቱቦ ስለሆነ አትደንግጥ። አንዱ ከሌላው ዝቅ ማለቱ ወይም ትንሽ ተለቅ ማለቱም ያለ ነው። የምትፈልገው ቆለጡ ላይ የተጣበቀ፣ አተር የሚያህል ጠጣር ነገር ነው። ወይም አንዱ ድንገት ከበደ፣ አበጠ። ብዙ ጊዜ አያምም። ሰው የሚዘናጋውም እዚህ ላይ ነው፤ «ካላመመኝ ምን አስቸኮለኝ» እያለ ወራት ያስቆጥራል።

ካገኘህ በዚያው ሳምንት ሂድ። ፒያሳም ሆንክ ሜክሲኮ፣ አልትራሳውንድ ያለው ክሊኒክ አታጣም። ሐኪሙ ፊት «ታች አካባቢ አመመኝ» እያልክ አትሸፋፍን፣ «ቆለጤ ላይ እብጠት ዳሰስኩ» በል። ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ከተሰጠህና እብጠቱ ካልሄደ፣ የቆለጥ አልትራሳውንድ ይታዘዝልኝ በል። ከደም ደግሞ ካንሰሩን የሚጠቁሙት ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂና ኤልዲኤች የሚባሉት ይታያሉ። በቆለጥ ከረጢቱ በኩል በመርፌ ናሙና እንውሰድ ከተባልክ መጀመሪያ ኡሮሎጂስት (የሽንትና የወንድ ብልት ስፔሻሊስት) ይይህ፤ የተጠረጠረ ቆለጥ የሚወጣው በብሽሽት በኩል ነው፣ በሌላ መንገድ ከተነካ ካንሰሩ ሊዛመት ይችላል። ለካንሰር ሕክምናው ወደ ጥቁር አንበሳ ሪፈር ሊጻፍልህ ይችላል። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ከመጀመርህ በፊት ስለ ልጅ መውለድ ጠይቅ። ጸበሉንም ሂድ፣ ግን ምርመራውን አታዘግይበት። ሲስፕላቲን የሚባለው መድኃኒት ከመጣ ወዲህ ይሄ ካንሰር ተሰራጭቶም እንኳ ብዙ ጊዜ ይድናል፣ ቀድሞ ሲገኝ ደግሞ ሕክምናው ይቀላል።

ከዘር ህዋስ የሚነሳው ይሄ ዕጢ ቆለጥ ላይ ብቻ አይወጣም። ጽንሱ ገና ሲሠራ የዘር ህዋሶች በሰውነት መሀል መስመር ተጉዘው ነው ቦታቸው የሚደርሱት፣ መንገድ ላይ የቀሩት በኋላ ዕጢ ሊያበቅሉ ይችላሉ ተብሎ ይታሰባል። ለዚህ ነው አራስ ልጅ ጭራ አጥንት ላይ፣ ደረት ውስጥ፣ ከሆድ ጀርባ፣ አንጎል ውስጥም የሚገኘው። ሴቶች ላይ እንቁላል ማምረቻው ላይ ይወጣል፣ እህትህ ሆዷ ያለ ምክንያት እየተነፋ ከሄደ ትታይ።

በልጅነትህ ቆለጥህ ሳይወርድ ቀርቶ ከነበረ፣ በኦፕራሲዮን ቢወርድም፣ በቆለጥ ካንሰር የመያዝ ዕድልህ ከሌላው ከፍ ይላል። ለሐኪሙ ንገረው፣ በየወሩም ዳስሰው።