ሙሉ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻችሁን ስታስተምሩ

እስካሁን ከኋላ ተቀምጣችሁ መምህሩን ስትከታተሉ፣ ደብተር ስታርሙ ቆይታችኋል። አሁን ግን የክፍሉ መምህር «ነገ ሙሉ ክፍለ ጊዜው የእናንተ ነው» አሉ። አብዛኛው ተለማማጅ መምህር ይህን ሲሰማ የሚጨነቀው ስለ ትምህርቱ ይዘት ነው። በእኔ እምነት ግን ክፍል የሚያመልጠው በመሸጋገሪያዎቹ ላይ ነው። ተማሪዎች ሲገቡ፣ ከገለጻ ወደ ክፍል ሥራ ሲያልፉ፣ ወረቀት ሲታደል፣ ሊወጡ ሲሉ። እዚህ ላይ በደንብ ተዘጋጁ።

1. ከክፍሉ መምህር ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ

ተማሪዎች እጅ አውጥተው ነው የሚናገሩት? ወደ ውጭ መውጣት የፈለገ እንዴት ያስፈቅዳል? መምህሩ ክፍሉን ጸጥ የሚያሰኙት በምንድን ነው? ያለውን ሥርዓት ይዛችሁ ቀጥሉ። ለአንድ ቀን ብላችሁ አዲስ ደንብ አታውጡ።

ብዙ ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ። መምህሩ መቼ ጣልቃ እንደሚገቡ ተነጋገሩ። በመሃል ከኋላ «ጸጥታ!» ካሉ፣ የተማሪው ዓይን ሁሉ ወደ እሳቸው ይዞራል። መልሶ ማምጣቱ ከባድ ነው። የደህንነት ጉዳይ ካልሆነ በቀር ማስታወሻ ብቻ እንዲይዙላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። የተማሪዎቹን ስምና የሚቀመጡበትን ቦታም ወረቀት ላይ ያዙ።

2. እቅዱ ላይ የተማሪውን ሥራ ጻፉ

«ምን እላለሁ?» ከማለት «እነሱ ምን ይሠራሉ?» ብላችሁ ጀምሩ። ለምሳሌ የክፍልፋይ መደመርን በ40 ደቂቃ ታስተምራላችሁ እንበል። 5 ደቂቃ የመነሻ ጥያቄ፣ 10 ደቂቃ ገለጻ ከሁለት ምሳሌ ጋር፣ 15 ደቂቃ የክፍል ሥራ፣ 7 ደቂቃ እርማት፣ 3 ደቂቃ መዝጊያ። ጊዜ ካጠረ የቱን እንደምትዘሉ ምልክት አድርጉበት። ከተረፈ ደግሞ የምትሰጡት አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ይኑራችሁ። ሁሉንም ጥያቄዎች በእጃችሁ ሠርታችሁ ግቡ።

3. ቀድማችሁ ተገኙ

የመነሻ ጥያቄውን ተማሪዎች ከመግባታቸው በፊት ሰሌዳ ላይ ጻፉት። በሩ ላይ ቆማችሁ ሰላም በሏቸው። እነሱ ሲሠሩ እናንተ ስም ትጠራላችሁ። ራሳችሁን ለማስተዋወቅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።

4. መመሪያውን ጨርሳችሁ ወረቀቱን አድሉ

ከሁሉም በላይ ልምምድ የሚፈልገው ይሄ ነው። ወረቀት እጁ የገባ ተማሪ አይሰማችሁም፤ ማንበብ ጀምሯል። ስለዚህ መጀመሪያ ጸጥታውን አግኙ። ከዚያ አራት ነገር ተናገሩ፦ ምን እንደሚሠራ፣ ከማን ጋር፣ በስንት ደቂቃ፣ የጨረሰ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ። አራተኛው ከተረሳ ቶሎ የጨረሱት መረበሽ ይጀምራሉ።

«ገባችሁ?» ብላችሁ አትጠይቁ። ያልገባውም «አዎ» ይላል። «መጀመሪያ የምንሠራው የትኛውን ነው?» ብላችሁ አንዱን ጠይቁና መመሪያውን በራሱ አፍ ይድገመው። ሥራው ሲጀመር ወደ መጀመሪያው የወጣ እጅ አትሩጡ። ትንሽ ቆም ብላችሁ ክፍሉን በሙሉ ቃኙ። ማን እንደጀመረ፣ ማን እስክሪብቶ እንኳ እንዳላወጣ የምታዩት ያኔ ነው።

5. ጠይቃችሁ ጠብቁ

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባወጣቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት ለአንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ አሳይታለች። ወደ 3 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲያራዝሙት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። ለጀማሪ መምህር 3 ሰከንድ ዝምታ በጣም ረጅም ነው። በልባችሁ ቁጠሩ። ጥያቄው ይቅደም፣ ስም በኋላ ይጠራ። ስሙን ካስቀደማችሁት ሌላው ማሰብ ያቆማል።

6. ወሬ ሲነሳ

ጄኮብ ኩኒን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ሥራ አሁንም ይጠቅማል። ጥሩ ክፍል የሚይዙት መምህራን ከሌሎቹ የሚለዩት ጥፋት ከተፈጸመ በኋላ በሚሉት ነገር አልነበረም። ቀድሞውንም የክፍሉን ሁሉ እንቅስቃሴ ይከታተላሉ፤ ትምህርቱም ሳይቆራረጥ ይሄዳል። እናንተም እያስተማራችሁ በወንበሮቹ መካከል ተዘዋወሩ። ወሬ ካለ ሄዳችሁ አጠገባቸው ቁሙ። ካልበቃ ስም ጠርታችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ የሚሠራውን አሳዩት። በጓደኞቹ ፊት ከተማሪ ጋር እልህ አትጋቡ። «ስንጨርስ እንነጋገራለን» በሉትና ትምህርቱን ቀጥሉ። ስትጨርሱም በእርግጥ አነጋግሩት፤ ቃላችሁን ይመዝናሉ።

7. ከደወሉ በፊት ዝጉ

3 ደቂቃ ሲቀር፣ ገለጻ ላይም ብትሆኑ አቁሙ። በቁራጭ ወረቀት አንድ ጥያቄ ሠርተው በሩ ላይ ሰጥተዋችሁ ይውጡ።

ከክፍሉ መምህር ጋር ስትቀመጡ «እንዴት ነበርኩ?» ካላችሁ የሚመጣው መልስ «ጥሩ ነው፣ በርቱ» ነው። «የክፍል ሥራውን ስሰጥ ሳይጀምሩ የቆዩት እነማን ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ማታ ቁራጭ ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ለዩ፦ ያገኙት፣ የተቃረቡት፣ ያልገባቸው። የነገው የመነሻ ጥያቄ የሚወጣው ከመካከለኛው ክምር ነው። ሦስተኛው ከበዛ ግን ወደ አዲስ ርዕስ አትለፉ፤ ያንኑ በሌላ ምሳሌ ድገሙት።