የጋማ ካሜራ ዩራኒየም እንዴት ይመዘገባል?

የቧንቧና የታንከር ብየዳን በጋማ ካሜራ (በጋማ ጨረር የብረት ውስጡን በሚያሳይ መሣሪያ) የሚመረምሩ ድርጅቶች ጨረሩን የሚሰጠውን የኢሪዲየም 192 ምንጫቸውን ፈቃድ አይዘነጉም። የሚዘነጋው ጨረሩን የሚያግደው መከለያ ነው። ምንጩን የከበበው ብረት ብዙ ጊዜ ዲፕሊትድ ዩራኒየም (ዩራኒየም 235 የተቀነሰበት ዩራኒየም) ነው፤ እሱ ደግሞ ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ጋር በተደረገ የሴፍጋርድ ስምምነት (የኒውክሌር ቁስ ለጦር መሣሪያ እንዳይውል የሚከታተል ስምምነት) የሚቆጠር የኒውክሌር ቁስ ነው። የኢትዮጵያ ስምምነት ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል።

መጀመሪያ ካሜራው ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ ያንብቡ። የመከለያው ዓይነትና ክብደት እዚያ ካልተጻፈ ከአምራቹ ሰርተፍኬት ይጠይቁ። ካሜራውን ሚዛን ላይ አውጥቶ መመዝገብ አይሆንም፤ ለምሳሌ ሴንቲኔል 880 ዴልታ የተባለው ካሜራ በጠቅላላው 23 ኪሎ ገደማ ሲመዝን ዩራኒየሙ 15 ኪሎ አካባቢ ነው፣ መዝገብ የሚገባውም ይኸው ብቻ ነው። መከለያው ተንግስተን ከሆነ ይለፉት።

ለእያንዳንዱ ካሜራ አንድ መስመር ይበቃል፦ ሞዴል፣ መለያ ቁጥር፣ የዩራኒየም ክብደት በኪሎ፣ የሚቀመጥበት ቦታ፣ ከማን መቼ እንደመጣ። ምንጩን ግን በዚህ መስመር አይጻፉ። የኢሪዲየም ኃይል በ74 ቀን በግማሽ ስለሚቀንስ ምንጩ በየጥቂት ወሩ ይቀየራል፣ መከለያው ግን እዚያው ነው። ሁለቱ ተደባልቀው ከተጻፉ አሮጌው ምንጭ ወደ አምራቹ ሲመለስ መስመሩ ይሰረዝና ዩራኒየሙ ከወረቀት ላይ ይጠፋል። የመዝገብ ጉድለት ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ምንጭ የሚመጣበት መቀየሪያ ሣጥንም ዩራኒየም ሊኖረው ስለሚችል፣ ለሳምንት ብቻ ቢቆይም ሲገባና ሲወጣ ይመዝገብ።

ምንጩ የወጣለትን ካሜራ ሲልኩ «ባዶ ዕቃ» ብለው አይጻፉ፤ የማጓጓዣ ቁጥሩ ዩኤን 2909 ነው። ከአገር ማስወጣትም ማስገባትም ከመደረጉ በፊት ለጨረር ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ያሳውቁ። ስምምነቱ ዩራኒየም 235 ከ0.5 በመቶ ላልበለጠ ዲፕሊትድ ዩራኒየም እስከ 20 ቶን ነፃ ማድረግ ይፈቅዳል፤ ጣሪያው ግን የአገር እንጂ የድርጅት አይደለም፣ ጠያቂዋም አገሪቱ ናት። «የኛ ትንሽ ነው» ብሎ ራስን ነፃ ማውጣት አይቻልም።

ምንጭ በሚቀየርበት ጊዜ የካሜራውን ኤስ ቱቦ (በመከለያው ውስጥ ያለውን የምንጩን ጠማማ መተላለፊያ) በጥጥ ጠርገው ያስመርምሩ። ምንጩን የሚያንቀሳቅሰው ኬብል ቱቦውን በልቶት ከሆነ የዩራኒየም ብናኝ ይወጣል። የአሜሪካ ደንብ ምርመራውን በ12 ወር አንዴ ያዝዛል፤ 185 ቤክሬል (የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ) ወይም ከዚያ በላይ ከተገኘ ካሜራው ከሥራ ይወጣል። መከለያውን ራስዎ አይፍቱ፣ አይቁረጡ፤ ብናኙ በራሱ ይቀጣጠላል።

ድርጅቱ ሲዘጋ ካሜራው ከሌላው ንብረት ጋር ለጨረታ አይቅረብ፤ ከባድ ብረት ስለሆነ ቁርጥራጭ ገዢ ይወደዋል። ፈቃድ ላለው ተረካቢ ወይም ለአምራቹ ያስረክቡ፣ የርክክብ ሰነዱንም ቢያንስ 5 ዓመት ያስቀምጡ።