የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ፦ ወደ ሰውነት የሚገባውን መጠን ማስላትና መቀነስ

ከወንጂ እስከ ሐዋሳ ባለው የስምጥ ሸለቆ ወለል የፊት ጥርሱ የበለዘ ሰው ማየት የተለመደ ነው። ጥርስ ባለመፋቅ የመጣ አይደለም። ውሃው በእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ሲያልፍ፣ ሲበዛ ጥርስ የሚያበልዝ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይዞ ይወጣል። በውሃው ካልሲየም ቢበዛ ኖሮ ፍሎራይዱን ይዞት ይዘቅጥ ነበር፤ የዚህ አካባቢ ውሃ ግን ካልሲየሙ ጥቂት፣ ሶዳው ብዙ ስለሆነ ፍሎራይዱ እንደሟሟ ይቀራል። ፍል ውሃ አጠገብ ደግሞ ይብሳል።

ፍሎራይድ ቀለምም፣ ሽታም፣ ጣዕምም የለውም። በአንድ ቀበሌ ያሉ ሁለት ጉድጓዶች እጅግ ሊለያዩ ስለሚችሉ የጎረቤት ውጤት ለእርስዎ አይሠራም። ለምርመራ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዘጋጁ፤ የብርጭቆ ዕቃ አይሁን። ፓምፑን አምስት ደቂቃ ያህል ያስፈስሱ፣ ጠርሙሱን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁ፣ ከሞሉት በኋላ የጉድጓዱን ስምና ቀኑን ይጻፉበት። ናሙናው ቶሎ አይበላሽም፤ እስከ 28 ቀን ድረስ ሊለካ ይችላል።

የሚመጣው ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር፣ ለምሳሌ 4 ሚሊግራም በሊትር፣ የውሃው ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር የሚጎዳው ወደ ሰውነት በገባው መጠን ልክ ነው፤ ያንን ለማግኘት ደግሞ የሚጠጣውና በምግብ የሚገባው ውሃ ተደምሮ በውሃው ቁጥር ይባዛል፣ ከዚያ ለሰውየው ክብደት ይካፈላል።

16 ኪሎ የሚመዝን የአምስት ዓመት ልጅ በቀን 1 ሊትር ጠጥቶ በሽሮውና በሾርባው 0.4 ሊትር ቢጨምር፣ 1.4 ሲባዛ በ4፣ 5.6 ሚሊግራም ይሆናል። ለ16 ሲካፈል በኪሎ 0.35 ሚሊግራም ነው። እስከ ስምንት ዓመት ላሉ ልጆች በአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች የተቀመጠው የላይኛው ወሰን በኪሎ 0.1 ስለሆነ ልጁ ሦስት እጥፍ ተኩል ያህል እየወሰደ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝነው አባቱ በእርሻ ላይ ውሎ 3 ሊትር ጠጥቶ ግማሽ ሊትር በምግብ ቢያገኝ በቀን 14 ሚሊግራም ይገባዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በአጥንት ላይ ግልጽ ጉዳት ይታይበታል ያለው መጠን ይኸው 14 ነው፤ ከ6 ሚሊግራም በላይም ስጋት እንዳለ የሚጠቁም መረጃ አለ።

የድርጅቱ የመጠጥ ውሃ መመሪያ 1.5 ሚሊግራም በሊትር ነው። ያው ልጅ 1.5 ካለው ውሃ 1.4 ሊትር ቢወስድ በኪሎ 0.13 ይደርሳል፤ ከወሰኑ አለፈ ማለት ነው። ቆላ ላይ ብዙ ስለሚጠጣ ልጆች ላሉበት ቤት ወደ 1 መውረድ ይሻላል።

በዚህ ውሃ ማንም በአንድ ቀን አይመረዝም። ባንዴ ሲወሰድ ሕክምና የሚያስፈልገው መጠን በኪሎ 5 ሚሊግራም ስለሆነ ልጁ 20 ሊትር በአንድ ጊዜ መጠጣት ይኖርበታል። ጉዳቱ የሚመጣው በመጠራቀም ነው። አዋቂ ሰው ከሆዱ ወደ ደሙ ከገባው ግማሽ ያህሉን በሽንት ያስወጣል፣ ቀሪውን አጥንቱ ይይዘዋል። ሕፃናት ከዚህ የበለጠ ያስቀራሉ፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰውም እንዲሁ። ጥርስ የሚበልዘው ገና ድዱ ውስጥ ሲሠራ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ ውሃ ቢቀየር ጥርሱ አይመለስም፣ ያደገው ጥርስም አዲስ አይበልዝም። አጥንት ግን ዕድሜ ልክ ይሰበስባል፤ መገጣጠሚያና ወገብ እየደረቀ መታጠፍ የሚያቅተው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ስለዚህ ጥሩ ውሃ ጥቂት ከሆነ ለማን ይቅደም የሚለው መልሱ ግልጽ ነው፦ ከስምንት ዓመት በታች ላሉና ለኩላሊት ሕመምተኛ። በጣሳ ወተት የሚያድግ ሕፃን ከሁሉ ይቀድማል፤ ወተቱ በጉድጓድ ውሃ ከተበጠበጠ ምግቡ ሙሉ በሙሉ ፍሎራይድ ያለበት ነው። የእናት ጡት ግን እናትየው ብዙ ፍሎራይድ ብትጠጣም እጅግ ጥቂት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ፍሎራይድ በቆዳ ስለማይገባ ልብስ ማጠቢያና ገላ መታጠቢያ የጉድጓዱ ውሃ ይሁን፤ ጥሩውን ውሃ እዚያ ማፍሰስ ብክነት ነው። ሻይ ቅጠል ራሱ ፍሎራይድ አለው፤ በጉድጓድ ውሃ የተፈላ ወፍራም ሻይ ሁለቱን ይደምራል፤ ለልጆች ይቅር።

ማፍላት ያባብሳል። 3 ሚሊግራም ያለው 2 ሊትር ውሃ ፈልቶ 1.5 ሊትር ሲቀር 4 ሚሊግራም ሆነ ማለት ነው፤ ውሃው ተነነ፣ ፍሎራይዱ ቀረ። ውሃ አጋርም ሆነ ሌላ ክሎሪን ጀርም ይገድላል እንጂ ፍሎራይድ አይነካም። የአሸዋና የሸክላ ማጣሪያም ያሳልፈዋል።

በጣም ርካሹ መንገድ መቀላቀል ነው። የዝናብ ውሃ ፍሎራይድ የለውም ማለት ይቻላል፤ በ20 ሊትር ጀሪካን 15 ሊትር ዝናብና 5 ሊትር 4 ሚሊግራም ያለው የጉድጓድ ውሃ ቢቀላቀል 1 ሚሊግራም በሊትር ይወጣል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊሜትር ዝናብ ሲጥል 1 ሊትር ነው፤ አምስተኛው ይባክናል ብለው ያስቡ። 30 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ ከ100 ሚሊሜትር ዝናብ 2,400 ሊትር ይሰጣል። ለመጠጥና ለወጥ በቀን 20 ሊትር የሚፈጅ ቤት ለ120 የበጋ ቀን የሚያስፈልገው በዚህ ቅልቅል 1,800 ሊትር ዝናብ ስለሆነ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ይበቃዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ጣሪያውን አጥቦ ይፍሰስ፣ ሮቶው ይከደን፤ ቀለም የተቀባ አሮጌ ቆርቆሮ ካለ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ስለሚችል አይጠቀሙበት።

በአልሙኒየም ሰልፌትና በኖራ የማዝቀጥ ዘዴም አለ፤ ሕንድ ውስጥ በናልጎንዳ ስም ይጠራል። መጠኑ እንደ ውሃው ሶዳ ስለሚለያይ በላቦራቶሪ ካልተሞከረ በማንኪያ ገምቶ መጨመር አይገባም፤ ሲበዛ አልሙኒየም በውሃው ይቀራል። ይህን ውሃ ሲያስመረምሩ ደግሞ ላቦራቶሪው በፍሎራይድ ኤሌክትሮድ እንዲለካ ይጠይቁ። ስፓድንስ የሚባለው የቀለም ዘዴ የተረፈ አልሙኒየም ሲያጋጥመው ቁጥሩን ዝቅ አድርጎ ያሳያል፤ ያልጠራው ውሃ የጠራ ይመስላል።

ውሃ ሲያልፍበት ፍሎራይዱን የሚይዝ የአጥንት ከሰል ማጣሪያ ለቤት ይመቻል። የከብት አጥንት አየር በተገደበበት ምድጃ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቃጠላል። ጥቁር ሆኖ የቀረው በደንብ ስላልተቃጠለ ውሃው እንዲሸት ያደርጋል፤ ከልክ በላይ ተቃጥሎ የነጣው ደግሞ ፍሎራይድ የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ግራጫውን ይምረጡ። ከመግዛትዎ በፊት ቤተሰቡን ያማክሩ፤ የአጥንቱ ምንጭ የማይታወቅ ከሆነ ወይም በጾም በአጥንት ያለፈ ውሃ አልጠጣም የሚል ካለ ማጣሪያው ጥግ ይዞ ይቀራል።

ከሰሉ ሲደክም ውሃው መልኩም ጣዕሙም አይለወጥም፤ ስለዚህ ማብቂያው አስቀድሞ ይሰላል። አንድ ግራም 1 ሚሊግራም ይይዛል ብለው ይጀምሩ። 10 ኪሎ ከሰል 10,000 ሚሊግራም ነው፤ በቀን 20 ሊትር እያለፈ ከእያንዳንዱ ሊትር 5 ሚሊግራም ቢያስቀር በቀን 100 ይሆንና በ100 ቀን ያልቃል። የመጀመሪያውን ምርመራ በ50ኛው ቀን ያድርጉ፤ ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ከ1 ካለፈ ከሰሉን ቀኑን ሳይጠብቁ ይቀይሩ።