የአቢሲኒያ ድመት ሲያሳድጉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአቢሲኒያ ድመት ስትታይ ከዱር የመጣች ትመስላለች። ሰውነቷ ቀጠን ያለና ጡንቻማ፣ ጆሮዎቿም ትልልቅ ናቸው። ከሁሉም የሚገርመው ግን ጠጉሯ ነው። በአንዷ ዘለላ ላይ ፈካ ያለና ጠቆር ያለ ቀለም እየተፈራረቀ ይታያል። እንግሊዞች በዚህ ጠጉሯ ምክንያት ድሮ «የጥንቸል ድመት» ይሏት ነበር። መልኳ ይህ ይሁን እንጂ የለየላት የቤት ድመት ናት። የሚገዟት ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ መልኳ እንጂ ስለ ጸባይዋ አይጠይቁም። ችግሩም የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

«ያገሬ ልጅ ናት» ብሎ መግዛት

ስሟን ሰምቶ ልቡ የሚሸፍት አበሻ አይጠፋም፤ በተለይ ውጭ አገር የሚኖር። ታሪኩ ግን እንደ ስሟ ቀላል አይደለም። ከመቅደላው ጦርነት በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ገደማ፣ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች የተባለች ዙላ የምትባል ድመት ነበረች። በ1874 በታተመ የእንግሊዝ መጽሐፍ ላይ ሥዕሏ አለ። የሥዕሉ ድመት የዛሬዋን አቢሲኒያ እምብዛም አትመስልም። የዘረመል ጥናቶች ደግሞ የዝርያውን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምስራቅ እስያ ነው የሚወስዱት። ዝርያው ዛሬ ያለውን መልክ የያዘው እንግሊዝ ውስጥ ነው።

ስለዚህ በአገር ናፍቆት ብቻ አይግዟት። ከአሥር ዓመት በላይ አብራዎት የምትኖር እንስሳ ናት። የኢትዮጵያ ድመት ማሳደግ ከፈለጉ፣ አዲስ አበባ ሰፈር ውስጥ የምትዞረው ድመት ከማንም አታንስም።

ብቻዋን ትቶ መዋል

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይኼ ይመስለኛል። አቢሲኒያ ሶፋ ላይ ተኝታ የምትውል ድመት አይደለችም። እርስዎ ወጥ ሲሠሩ እግርዎ ሥር ናት፤ ልብስ ሲያጥፉ ልብሱ ላይ ናት። እቅፍ ብዙም አትወድም፣ ግን ከሰው መለየትም አትወድም። ደብል ሺፍት የሚሠራ ሰው ብቻዋን ዘግቶባት ሲወጣ መሳቢያ ትከፍታለች፣ መደርደሪያ ላይ ያለውን ታወርዳለች፣ ስትጮህ ትውላለች። ባለቤቱም «ረበሸችን» ብሎ አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋባታል። እልኸኛ ሆና አይደለም፤ ሰልችቷት ነው። ሲዘጋባት ደግሞ ይብስባታል።

«ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» ይባል የለ? ከፍ ያለ ቦታ ላይ መውጣትና ማደን አመሏ ነው። አመሏን ከመከልከል ቦታ መስጠት ይሻላል። መስኮት አጠገብ ከፍ ያለ መቀመጫ ያዘጋጁላት። ጠዋትና ማታ ጊዜ ወስደው በላባ ወይም በክር ያጫውቷት፤ ሲጨርሱ ክሩን ያንሱት፣ ከዋጠችው አንጀቷን ይጎዳል። በእጅዎ ግን አያጫውቷት፤ ንክሻ ትለምዳለች። ቤትዎ ፎቅ ላይ ከሆነ መስኮቱና በረንዳው ጠንካራ መረብ ይኑረው። ቀኑን ሙሉ ቤት የማይገኙ ከሆነ ደግሞ ሁለት ድመት ያሳድጉ። ሁለት ማሳደግ ካልቻሉ ሌላ ዝርያ ይምረጡ።

ከማዕድ የተረፈውን መስጠት

እኛ ቤት ድመት የሚተርፈውን ትበላለች። ወጥ የነካው እንጀራ ግን ለድመት አደገኛ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ይሰብራሉ፤ ቢበስሉም ያው ነው። ከዝርያው መካከል ደግሞ ፒሩቬት ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም የሚያንሳቸውና ለደም ማነስ የሚጋለጡ አሉ። ለእነሱ ጉዳቱ ድርብ ነው።

በጾም ወቅት አብራ የምትጾምበት ቤትም አለ። ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ከሥጋ የምታገኘው ቶሪን የሚባል ንጥረ ነገር ሲያንሳት ዓይኗም ልቧም ይታመማል። ቀይ ሥጋ ብቻ መስጠትም አይበቃም፣ ካልሲየም ያንሳታል። ለድመት ተብሎ የተመጣጠነ ምግብ ይግዙ። ወተት ደግሞ ብዙ ያደጉ ድመቶችን ያስቀምጣቸዋል፤ ውኃ ይበቃታል።

የወላጆቿን ምርመራ ሳይጠይቁ መክፈል

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የድመት ዘረመል ለመጀመሪያ ጊዜ ተነቦ ሲታተም ናሙናው የተወሰደው ሲናሞን ከምትባል አሜሪካ ካለች አቢሲኒያ ነበር። ያለ ምክንያት አልተመረጠችም። በዝርያው ውስጥ ቀስ በቀስ የሚያሳውር የዓይን በሽታ ስላለ፣ ተመራማሪዎች የሲናሞንን ቤተሰብ ያጠኑ ነበር። በሽታው ያለባት ድመት ስትወለድ ጤነኛ ትመስላለች። ዓይኗ የሚደክመው ካደገች በኋላ ነው። የዓይኑም የኢንዛይሙም ችግር ዛሬ በዘረመል ምርመራ ይታወቃል። ስለዚህ አርቢውን የእናትና የአባቷን ውጤት በወረቀት ይጠይቁት። ካላሳየ ሌላ ይፈልጉ። ከ12 ሳምንት በታች ያለችውንም አይውሰዱ።

ጥርሷንና ኩላሊቷን መርሳት

ይህ ዝርያ ለድድ ሕመም የተጋለጠ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በድመት የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ያስለምዷት። የሰው የጥርስ ሳሙና አይሆንም።

ኩላሊት ላይ ፕሮቲን እየተከማቸ የሚጎዳ፣ አሚሎይዶሲስ የሚባል በሽታም በዘር ይተላለፋል። ውኃ አብዝታ ከጠጣች፣ ሽንቷ ከበዛ ወይም ከከሳች፣ ሳይውል ሳያድር ወደ እንስሳት ሐኪም ወስደው የደምና የሽንት ምርመራ ያሠሩላት።