በመንፈሳዊ ንባባችሁ ውስጥ የሴቶችን ድምፅ እንዴት ታገኛላችሁ?

መጀመሪያ ተነሡና የመጽሐፍ መደርደሪያችሁ ፊት ቁሙ። መንፈሳዊ መጻሕፍቱን ብቻ ለዩና ስንቱን ሴት እንደጻፈችው ቁጠሩ። እኔ ይህን ያደረግሁት ከሦስት ዓመት በፊት፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው። 42 መጽሐፍ ነበረኝ። ሽፋኑ ላይ የሴት ስም ያለበት አንድ ብቻ ነበር። ደነገጥኩ፣ ምክንያቱም ሃይማኖቴን ያስተማሩኝ ሴቶች ናቸው። ፊደል የለየሁት እንኳ አያቴ ዳዊት ሲደግሙ አጠገባቸው ተቀምጬ ጣታቸውን በዓይኔ እየተከተልኩ ነው።

ከዚያ ወዲህ እየፈለግሁ ነው። በጣም የገረመኝ፣ ብዙው እዚያው ቤቴ ውስጥ መገኘቱ ነው። ሽፋን ላይ ብቻ ስለምንፈልግ ነው የምናጣው። ስለዚህ የት የት እንደምታዩ ልንገራችሁ።

ከዳዊት ጀምሩ። ከመዝሙሮቹ ቀጥሎ ጸሎተ ነቢያት አለ። 15 ጸሎቶች ናቸው፤ የሙሴ፣ የሕዝቅያስ፣ የምናሴ፣ የዮናስ እያለ ይቀጥላል። ከነዚህ ውስጥ ሁለቱ የሴቶች ናቸው፦ የሳሙኤል እናት የሐናና የእመቤታችን። ስንደግም ስለምንሮጥ አናስተውላቸውም። አንድ ቀን ሁለቱን ብቻ አውጥታችሁ ጎን ለጎን፣ በቀስታ አንብቧቸው። ሐና የኃያላን ቀስት እንደተሰበረ፣ ጠግበው የነበሩት እንጀራ እንዳጡ ትናገራለች። እመቤታችን ደግሞ ገዥዎች ከዙፋናቸው እንደወረዱ፣ የተራቡት በበጎ ነገር እንደጠገቡ። በመካከላቸው ስንት ዘመን አለ! ግን አንዷ የጀመረችውን ሌላዋ የተቀበለቻት ይመስላል። እኔ እነዚህን ጸሎቶች ልጅ ስለመውለድ ብቻ የተባሉ አድርጌ ነበር ለዓመታት የማስባቸው። አይደሉም። ስለ ፍትሕና ስለ ሥልጣን ናቸው፣ እግዚአብሔር ከማን ጎን እንደሚቆም የሚናገሩ ናቸው። ይህ ነገረ መለኮት ነው፣ ያውም ጥልቅ።

ወደ መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 1 ተመለሱና ደግሞ ይህችኑ ሐናን ቤተ መቅደስ ውስጥ ስትጸልይ እዩአት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ ግን አይሰማም። ካህኑ ኤሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። እርሷም አልሰከርኩም ብላ መለሰችለት፣ እርሱም ሰምቶ መረቃት። እኔ ይህን ቦታ ደጋግሜ የማነበው ለዚህ ነው፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይተን ምን እንደምትል ሳንሰማ ያለፍናት ሴት ብዙ ናት።

ከዚያ የዲቦራን መዝሙር (መሳፍንት 5) አንብቡ። ዮዲትንም ምዕራፍ 16 ላይ። ሕልዳናን አትዝለሉ፣ ሁለተኛ ነገሥት 22 ላይ ናት። በኢዮስያስ ዘመን የሕጉ መጽሐፍ ከቤተ መቅደስ ሲገኝ፣ ካህኑም ጸሐፊውም እያሉ፣ ነገሩን የሚፈታው ማነው ተብሎ የተሄደው ወደዚህች ነቢይት ነው። ይህን አንድ ሳምንት ብቻ መያዝ ይበቃል። አትቸኩሉ።

ቀጥሎ ገድል። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ ውስጥ ሀብቱ ያለው እዚህ ነው። ገድልን ብዙዎቻችን ለበረከት እንገዛዋለን፣ ትራስ ሥር እናደርገዋለን፣ እንደሚነበብ መጽሐፍ ግን አናነበውም። እስቲ እርሳስ ይዛችሁ አንብቡት። ግእዝና አማርኛው ጎን ለጎን የታተመውን ካገኛችሁ በጣም ጥሩ ነው፤ የንዋያተ ቅድሳት መሸጫዎች ውስጥ ጠይቁ። ግእዝ ባትችሉም አንዲት ቃል ብቻ ያዙ፦ «ወትቤ»፣ እርሷም አለች ማለት ነው። ባገኛችኋት ቁጥር አስምሩባት። አማርኛውን ብቻ ካገኛችሁ «አለች» የሚለውን አስምሩ። ሲያልቅ መስመሮቹን ብቻ ተከትላችሁ እንደገና አንብቡ። ተራኪው ስለ እርሷ የሚለውና እርሷ ራሷ የምትለው ሲለያይ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

በገድለ ክርስቶስ ሠምራ ብትጀምሩ ደስ ይለኛል። እናታችን የቡልጋ ሰው ናት፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረች፣ አግብታ ልጆች ወልዳ ኋላ የመነነች፣ በጣና ጓንጉት የተጋደለች። ገድሏ በብዛት በራሷ አንደበት ነው የሚተረከው። በጣም የምትታወቀው ሰይጣንን ማረው ብላ እግዚአብሔርን በመለመኗ ነው። ሰዎች ይህን እንደ አስገራሚ ተአምር ነግረው ያልፉታል። ምክንያቷን ግን ስሙት፦ እርሱ ከታረቀ የአዳም ልጆች ከመከራ ያርፋሉ ብላ ነው። ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል ትወርዳለች፣ ሰይጣን ይቅርታውን አይቀበልም፣ ጭራሽ እርሷን ይጎትታታል፣ መልአኩ ያድናታል፣ ብዙ ነፍሳትም አብረዋት ይወጣሉ። የምሕረት ወሰኑ የት ነው? እንቢ ያለን ሰው ምሕረት ያስገድዳልን? እነዚህን ጥያቄዎች ይዛ ነው የወረደችው። ከፈለጋችሁ የሶርያው መነኩሴ ማር ይስሐቅ ለአጋንንት ሳይቀር ስለሚራራ ልብ የሚናገረውን አጠገቡ አድርጋችሁ አንብቡት። እርሱን ሊቅ ብለን እርሷን ባለ ተአምር ብቻ ማለታችን ልክ አይመስለኝም።

እዚያው ገድል ውስጥ የሚከብድ ነገርም አለ። ከመመነኗ በፊት በአገልጋይዋ ተቆጥታ ፍም አፏ ውስጥ ጨምራ ገደለቻት፤ ኋላ ጸልያ፣ ተስላ፣ ልጅቷ ተነሣች። ይህን ስታነቡ ቶሎ ወደ ተአምሩ አትሩጡ። የገረዷንም ድምፅ ፈልጉ። አፏ የተቃጠለባት ሴት ምን ትል ነበር? የሴት ድምፅ ስንል የእመቤቲቱን ብቻ ከሆነ ግማሹን ትተናል ማለት ነው።

ሁለተኛው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1592 ተወልዳ በ1642 ያረፈች እናት ናት። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ሞተውባታል። ባሏ መልክአ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ትልቅ ሹም ነበር። ንጉሡ ካቶሊክ ሲሆን እንቢ አለች፣ ባሏን ጥላ ወጣች፣ ተጋዘች፣ በጣና ዙሪያ ተከታዮቿን ሰብስባ ማኅበር መሠረተች። ገድሉን ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ የጻፈው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው። ታዲያ ብዕሩ የወንድ ነው፣ ትዝታው ግን የማኅበሩ ነው፣ አብረዋት የኖሩት መነኮሳይያት ያዩትና የሰሙት። ለዚህ ነው ገድል ስታነቡ ሦስት ነገር ጠይቁ የምለው፦ ማን ነገረ? ማን ጻፈ? ማን እንዲሰማው? ወደ እንግሊዝኛ ሙሉው እ.ኤ.አ. በ2015 ተተርጉሞ ታትሟል፣ ውጭ አገር ያደጉ ልጆቻችሁ በዚያ ሊጀምሩ ይችላሉ። በአንዳንድ ቦታው አተረጓጎም ላይ ከእኛ አገር አንባቢዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሥቷል። የእኔ ምክር ክርክሩን ከማንበባችሁ በፊት ገድሉን ራሱን እንድታነቡ ነው። ሌላ ሰው ተቆጥቶበት የሰማነውን መጽሐፍ በቁጣው በኩል ነው የምናነበው፣ እርሷን ሳንሰማት እንቀራለን።

ሙስሊም የሆናችሁ አንባቢዎች ፍለጋችሁ ከኛ በአንድ ነገር ይቀላል፤ ሐዲስም (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግርና ሥራ ዘገባ) ሲራም (የሕይወት ታሪካቸው) ማን እንደተናገረው ስም ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ታሪኩን ከማንበባችሁ በፊት የአስተላላፊዎቹን ሰንሰለት አንብቡ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ፣ እኔ ክርስቲያን ሆኜ ሳውቀው በጣም የነካኝ። የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ተሰድደው መጡ፣ ቁረይሾች ስጦታ አስይዘው መልክተኛ ላኩ፣ ከስደተኞቹ አንዱ ጃዕፈር በንጉሡ በነጃሺ ፊት ቆሞ ከቁርኣን ሱረቱል መርየምን ቀራ፣ ንጉሡም አለቀሰ። ይህን ታሪክ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁላችንም እንተርከዋለን። በኢብን ኢስሐቅ ሲራ ውስጥ ረጅሙን ታሪክ የምታወራው ግን ሴት ናት፦ ኡሙ ሰለማ። ከመጀመሪያ ባለቤቷ ጋር ተሰድዳ የመጣች፣ ኋላ የነቢዩ ሙሐመድ ባለቤት የሆነች። ከመልካም ጎረቤት ዘንድ እንዳረፉ፣ ሃይማኖታቸውን ያለ ስጋት እንደያዙ ትናገራለች። ስለ አገራችን ከተነገሩት ታላላቅ ምስክርነቶች አንዱ የስደተኛ ሴት ምስክርነት ነው። ከዚያ ወደ ዓኢሻ እለፉ፤ ከእርሷ የተላለፈው ሐዲስ ከ2,000 በላይ ነው።

ስሟ ከወንድ ስም ጀርባ የቀረባትንም ፈልጉ። በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ስናነሣ ኦኔሲሞስ ነሲብን እናነሣለን፣ ይገባዋልም። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖ ግን ለትርጉሙ የሚሆን 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰብስባለች። ከባርነት ነፃ ወጥታ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚስዮን የተማረች ልጅ ናት። አስቡት፣ ስንት ሰው እግዚአብሔርን በቋንቋው ሲጠራ እርሷ የመረጠችውን ቃል ይጠራል! ስለዚህ የትኛውንም የተተረጎመ መጽሐፍ ስትይዙ መቅድሙንና ምስጋናውን አንብቡ። «በትየባ የረዳችኝ» ተብላ የተጠቀሰችው ሴት ምን ምን እንደሠራች ጠይቁ።

ከአገር ውጭ ያሉትን በአጭሩ ልንካቸው። በ203 እ.ኤ.አ. በሰሜን አፍሪካ በካርታጎ የተሰዋችው ሰማዕት ፔርፔቱዋ እስር ቤት ሆና የጻፈችው ማስታወሻ አለ፤ የሚጠባ ልጅ ነበራት። የቅዱስ ባስልዮስ እህት ማክሪና ደግሞ በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ ከወንድሟ ከጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ጋር የተነጋገረችውን እርሱ ጽፎታል። በዚያ መጽሐፍ ጠያቂው ጳጳሱ ወንድሟ ነው፣ መምህሯ እርሷ ናት። ሁለቱም አጭር ናቸው፣ በእንግሊዝኛ በቀላሉ ይገኛሉ። የግእዝ ብራና ማየት የምትፈልጉ ደግሞ ሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡ የኢትዮጵያ ብራናዎች አሉት፣ ተመዝግባችሁ ብዙውን በነፃ ታያላችሁ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ሴቶችን ስለ ትዳር፣ ስለ አለባበስና ስለ ልጅ አስተዳደግ ብቻ አትጠይቁ። ስለ ሥላሴ፣ ስለ ምሕረት፣ ስለ ሞት ጠይቋቸው። የተናገሩትም እሱን ነው። ሁለተኛ፣ ቴሌግራም ላይ በሥዕል ተሠርቶ የሚዞር የቅዱሳት አንስት ጥቅስ አይታችሁ አትመኑ። ምዕራፉ ካልተጠቀሰ ተዉት። ላልተናገረችው ቃል ስሟን መስጠትም ድምፅዋን መንጠቅ ነው።

ለብቻችሁ ካቃታችሁ ጽዋ ማኅበራችሁ ላይ አቅርቡት። እኛ ዘንድ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ሦስት ገጽ እናነባለን፣ ከሦስት አይበልጥም፣ ከዚያ ሁሉም አንድ አንድ ነገር ይላል። መጀመሪያ አስተያየት የሚሰጡት ወንዶቹ ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ከትልቋ እናት እንዲጀመር አደረግን። በዚህች ትንሽ ነገር ጨዋታው ሁሉ ተለወጠ።

የመጨረሻው ቦታ መጽሐፍ አይደለም። የእኛ አገር ትምህርት ብዙው በቃል ነው፣ የሴቶቹ ደግሞ ይብሳል። በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚባሉ ዓይነ ስውር የቅኔ መምህርት ነበሩ። ከአባታቸው ተምረው፣ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ አስቆጥረዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቢያንስ ስሙ ተርፏል። የእናንተዋ አያት፣ አክስት፣ የሰፈር እማሆይ ግን የሚጽፍላቸው የለም። ስለዚህ ሂዱና ጠይቁ። «ስለ ሃይማኖት ንገሩኝ» አትበሏቸው፣ እኔ ምን አውቄ ይላሉ። ጸሎተ ሐናን አንብቡላቸውና ይህ ምን ማለት ነው በሏቸው። አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅረጹ፣ ቀኑንና ሙሉ ስማቸውን መጀመሪያ ላይ ተናገሩ፣ በሳምንቱ ወደ ደብተር ገልብጡት። የአያቴ አልደረሰልኝም። በአክስቴ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን 11 ቅጂ አለኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሐና ላይ ደርሰን፣ «ኤሊ አልሰማትም እንጂ እኮ እየጮኸች ነበር» አሉኝና ቡናውን ሊያወርዱ ተነሡ።